ከደብረ ብርሃን ወደ ቢሾፍቱ የውኃ መዝናኛ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የመንገድ አመራረጥ ስህተቶች

ልጆች የመንፈቅ ዓመት ፈተናቸውን ጨርሰው ዕረፍት ሲወጡ፣ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ መኪና ያለው ብዙ ቤተሰብ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ ፓርክ የመሄድ ሐሳብ ያነሣል። ሐሳቡ እንደተነሣም በየትኛው መንገድ እንሂድ የሚለው ክርክር ይከተላል፤ አንዱ ለመንገድ አልከፍልም ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከብሩ ይልቅ በትራፊክ መጨናነቅ የሚባክነው ጊዜ ያሳስበዋል። ይህን ጉዞ ከቤተሰቤ ጋር ደጋግሜ ስላደረግሁትና አንዳንዱን ስህተት ራሴም ስለሠራሁት፣ ከመነሣት በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል የምላቸውን ነገሮች እዚህ አስፍሬያለሁ።

የመጀመሪያውና ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት መንገድን በክፍያው ብቻ መምረጥ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ ርቀት ክፍያ የሚጠየቀው ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ በሚዘልቀው ፈጣን መንገድ ላይ ብቻ ነው። ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም ለአገልግሎት የተከፈተ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር ያለውና ርዝመቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ የሚያስከፍለው በተሽከርካሪው ዓይነትና በተጓዘው ርቀት መጠን ነው። ቢሾፍቱ ላይ የሚወጣ ሰው እንግዲህ የሚከፍለው እስከ አዳማ ለሚሄደው የሚታሰበውን ሙሉ ዋጋ ሳይሆን፣ የመንገዱን ግማሽ እንኳ ለማይሞላ ርቀት የሚታሰበውን ነው። ብዙ ሰው ግን አዳማ ደርሶ የተመለሰ ዘመዱ የነገረውን ዋጋ ይዞ ይወስናል።

ክፍያ የሌለው ነባሩ መንገድ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም አልፎ ቢሾፍቱ ይገባል። በሰላሙ ሰዓት ጥሩ መንገድ ነው፤ እኔም ቅዳሜ ማለዳ ላይ ያለ ምንም ችግር ሄጄበታለሁ። ነገር ግን ሞጆ ካለው ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪኖች፣ የዱከም ፋብሪካዎች ሠራተኞች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያቋርጡባቸው ቦታዎች፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና አህያው ሁሉ የሚገናኙት እዚሁ መንገድ ላይ ነው። በተለይ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር ጀምሮ በጥሬ ሥጋቸው የታወቁት የዱከም ሥጋ ቤቶች በእንግዳ ሲሞሉ፣ ግራና ቀኙ በቆመ መኪና ስለሚጠብብ የትራፊኩ ፍጥነት ወደ እግረኛ ፍጥነት ይወርዳል። አንድ ጊዜ የመንገዱን ክፍያ ላተርፍ ብዬ እሑድ ከቀትር በኋላ በዚህ መንገድ ገባሁና ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወሰደብኝ። ልጆቹ ከደረስን በኋላ የተጫወቱት ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለመግቢያ የከፈልሁት ግን ሙሉ ቀን ለሚውል ሰው የሚከፈለውን ነው። ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ክፍያ ሳሰላ የምደምረው የነዳጁን፣ የመግቢያውንና የልጆቹን ሰዓት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል፤ ይኸውም አዲስ አበባን እንደ መድረሻ ቆጥሮ እስከ መሀል ከተማ መግባት ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ አሽከርካሪ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፎ ለገጣፎ ሲደርስ፣ ከልማድ የተነሣ እስከ መገናኛ ይነዳና ከዚያ በቀለበት መንገድ በቦሌና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። የአውቶቡስና የሚኒባስ ተሳፋሪ ሆነን የለመድነው መገናኛን ስለሆነ፣ መኪና ስንይዝም እግራችን ወደዚያው ይመራናል። ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው ግን መገናኛ የሚያስገባው አንዳች ጉዳይ የለውም። አያት ላይ ወደ ጎሮ አቅጣጫ ታጥፎ፣ ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ከተማውን በምሥራቅ ጠርዙ መዞር ይችላል። በዚህም መንገድ የጭነት መኪና አይጠፋም፤ ቢሆንም ከመገናኛና ከቦሌ መጨናነቅ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በቱሉ ዲምቱ በኩል ሲደርሱ ደግሞ የክፍያውን መንገድ መያዝ ወይም ወደ ነባሩ መንገድ መውጣት በዚያው ሰዓት የሚወሰን ምርጫ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በቅን ልቦና የሚሠራ ስህተት አለ፤ እርሱም በሥራ ቀን እጅግ ማልዶ መነሣት ነው። ከደብረ ብርሃን ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ መኪና ለገጣፎ የሚደርሰው 2 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የከተማው ሕዝብ ሁሉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በሚጎርፍበት ሰዓት ነው። በሥራ ቀን 1 ሰዓት ላይ ቁርስ በልቶ መነሣትና ከ3 ሰዓት በኋላ ለገጣፎ መድረስ፣ ልጆችን በብርድ ከመቀስቀስም በመጨናነቁ መካከል ከመቆምም ያድናል። ማልዶ መነሣት የሚጠቅመው ቅዳሜና እሑድ ነው።

የቀን መቁጠሪያ ሳይመለከቱ መነሣትም ከባድ ስህተት ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የኢሬቻ በዓል ነው። ከመስቀል በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለሚሰበሰብ፣ በዓሉን ለማክበር ያልሄደ ሰው በዚያ ሳምንት መጨረሻ ለመዝናናት ብሎ ወደ ከተማዋ ባይነዳ ይሻለዋል። የዝቋላ አቦ ክብረ በዓል በሚውልባቸው በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ዋዜማም ተሳላሚ የጫኑ መኪኖች በቢሾፍቱ አካባቢ ይበዛሉ። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት አንዳንድ ዋና መንገዶች ለተሽከርካሪ የሚዘጉበት «መንገድ ለሰው» አለ፤ በኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በሚሰበሰቡበት ሰሞንና በጥምቀትም መንገዶች ይዘጋሉ። በአያትና በጎሮ ለሚያልፍ ሰው የመሀል ከተማው መዘጋት በቀጥታ አይነካውም፤ ሆኖም ከመሀል የተገፋው መኪና ወደ ዳር ስለሚመጣ ጉዞው መርዘሙ አይቀርም። በጥርና በሚያዝያ እሑዶች የሐይቆቿን ዳርቻ ለፎቶግራፍ የሚመርጡ ሙሽሮች አጀብ ቢሾፍቱ ውስጥ መንገድ ሲይዝ አይቻለሁ።

የስልክ ካርታ ያለ ጥርጥር የሚጠቅም ነገር ነው፤ ስህተቱ ግማሽ መረጃ ሰጥቶ ሙሉ መልስ መጠበቁ ላይ ነው። ጎግል ማፕ ላይ «ኩሪፍቱ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው እንጦጦ ላይ ወዳለው፣ አዳማ ወዳለው፣ አልያም ቢሾፍቱ ውስጥ ወዳለው ማረፊያ ሆቴል ሊመራ ይችላል፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ቦታዎች ብዙ ናቸውና የውኃ ፓርኩን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። የክፍያ መንገዶችን አስወግድ የሚለው ምርጫም አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ሳይታወስ ተከፍቶ ይቀርና፣ መክፈል በሚሻልበት ሰዓት ጭምር በነባሩ መንገድ ይወስዳል። በመሆኑም ሁለቱንም መንገድ አስልቶ የሰዓት ልዩነታቸውን ማየት ይገባል፤ ልዩነቱ ከሩብ ሰዓት ካልበለጠ በነባሩ መሄድ፣ ከዚያ ከበለጠ መክፈል የእኔ መመዘኛ ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ መታጠፊያዎች ስለተለወጡ፣ ካርታው ታጠፍ ሲል ምልክቱ ከከለከለ የሚታመነው ምልክቱ ነው። ኔትወርክ በየመንገዱ ስለሚጠፋም ካርታውን ቤት ሆኖ ስልክ ላይ ማውረድ ይበጃል።

ፈጣኑን መንገድ የመረጠ ሰው የቢሾፍቱን መውጫ ሊያሳልፍ አይገባም። በዚያ መንገድ ላይ መዞሪያ የለም፤ ያለፈው ሰው እስከሚቀጥለው መውጫ ነድቶ መመለስ፣ ለትርፉም ርቀት መክፈል ግድ ይሆንበታል። ወደ ኋላ መንዳት ወይም ዳር ቆሞ ማመንታት ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ስለሆነ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። መውጫው ከመድረሱ በፊት ወደ ቀኝ መስመር መግባትና ከጎን የተቀመጠው ሰው ምልክቶቹን እንዲያነብ ማድረግ በቂ ነው።

ሰሜን ሸዋ ሰፊ እንደመሆኑ፣ ሁሉም ሰው የደብረ ብርሃንን መንገድ መከተሉም ስህተት ነው። ከምንጃር ሸንኮራ የሚነሣ ቤተሰብ ከአረርቲ ወደ ሞጆ ወርዶ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢመለስ፣ አዲስ አበባን ጨርሶ ሳያይ ይደርሳል። ከመርሐቤቴ የሚመጣው በሙከ ጡሪና በሱሉልታ አድርጎ በሰሜን በኩል ስለሚገባ ከተማውን ማቋረጡ አይቀርለትም፤ ለእርሱ የሰዓቱ ምርጫ ከሁላችንም ይልቅ ወሳኝ ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና የሚነሡት ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት ከከባድ መኪኖች ኋላ እየተከተሉ መውጣት ስላለባቸው፣ ጉሙንም ጨምረው ሰዓታቸውን ሰፋ አድርገው ቢያስቡ፣ ከተቻለም ደብረ ብርሃን አድረው ቢነሡ መልካም ነው። ካርታ ላይ ከሰንዳፋ ወይም ከአለልቱ በጨፌ ዶንሳ አቅጣጫ ወደ ቢሾፍቱ የሚያቋርጠው ርቀት አጭር መስሎ ይታያል። አካባቢው ግን የዋልካ አፈር አገር ነው፤ መንገዱ ዳር እስከ ዳር በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከአገሬው ሳይጠይቁ፣ በተለይ በክረምት፣ ልጆች የያዘች ትንሽ መኪና ይዞ መሞከር አይገባም።

በመጨረሻ የማነሣው የመልሱን ጉዞ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቅደው መሄጃውን ብቻ ስለሆነ የከፋው ችግር የሚደርሰው ሲመለስ ነው። ከቢሾፍቱ 10 ሰዓት ላይ የተነሣ መኪና በሥራ ቀን አያት የሚደርሰው መሥሪያ ቤቶች በሚለቁበት በ11 ሰዓት ስለሆነ፣ ሰንዳፋን ሳያልፍ ይመሽበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በጨለማ፣ አንዳንዴም በጉም፣ መብራት የሌለው ጋሪና ከገበያ የሚመለስ እግረኛ የሚገኝበት መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ክፍያውን በመሄጃው ቢያስቀር፣ በመመለሻው ግን እንዲከፍል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማለዳ ላይ የተረፈ ሩብ ሰዓት ብዙም አይጠቅም ይሆናል፣ ወደ ማታ የተረፈው ግን ሳይጨልም ቤት ያስገባል። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ከውኃ አውጥቶ፣ ጸጉራቸውን በደንብ አድርቆ መነሣት ከተቻለ 12 ሰዓት ገደማ ደብረ ብርሃን መግባት ይቻላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚያ በፀሐይ የዋለ ልጅ ሸኖን ሲያልፍ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጋቢና ሹራብ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ነዳጅ በዋዜማው መሞላት አለበት፤ ጠዋት ሰልፍ ካለ የታቀደው ሰዓት ሁሉ ይፋለሳልና። የመንገዱ ሰላም ደግሞ ከክፍያውም ከመጨናነቁም በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው። በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ሄዶ ከአዲስ አበባ በዚያው ቀን የገቡ ሹፌሮችን መጠየቅ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊትም ሸኖ ወይም ሰንዳፋ ላለ ዘመድ መደወል ያስፈልጋል፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይዛወር፣ ልጆቹም ምክንያቱ በግልጽ ይነገራቸው።