የሥራ ፒክአፕ፣ የቤተሰብ ተሳቢ፦ ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሲል

ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲያመላልስ የከረመ ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ ያለው) ፒክአፕ፣ በዓል ሲደርስ የቤተሰብ መኪና ይሆናል። ከኋላው ትንሽ ተሳቢ ይቀጠላል። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ በጉ ሳይቀር ይጫንና ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ይጀመራል። በዚህ ምንም ነውር የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ቢሮ ሲኬድ ነው። እዚያ የሚሰሙትን መልሶች፣ ምክንያታቸውንና መፍትሄያቸውን እነሆ።

«ተሳቢው ውላችሁ ላይ የለም»

ፒክአፑ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ባለቤቱም የተቀጠለው ሁሉ አብሮ የተሸፈነ ይመስለዋል። አይደለም። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ አለው። የአደጋ ዜና ስትሰሙ የመኪናው ሰሌዳ ከተነገረ በኋላ የተሳቢው ለብቻ የሚጠራው ለዚህ ነው። በሰሌዳው ካልተመዘገበና በውሉ ዝርዝር ላይ ካልሰፈረ፣ ለኩባንያው እንደሌለ ይቆጠራል።

መፍትሄው የተሳቢውን ሊብሬ ይዞ መሄድ ነው። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛው የተሳቢው የራሱ ጉዳት ሽፋን ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያሳየው። እሱ ሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለናንተ ብረት አንዲት ብር አይከፍልም።

ሰፈር ጋራዥ ተበይዶ የተሠራ፣ ሊብሬ የሌለው ተሳቢ ካላችሁ ግን ኢንሹራንስ ቢሮ መሄዱ ድካም ነው። መጀመሪያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመርምሮ ሊመዘገብ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። እስከዚያ አትጎትቱት፤ አደራ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመኪና ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ተሳቢው ተፈትቶ መንገደኛ ቢመታ ዕዳው የቤታችሁ ነው።

«መኪናው ለዚህ አገልግሎት አልተመዘገበም»

የንግድ መኪና ውል ላይ የአገልግሎት ዓይነት ይጻፋል። አንዱ የራስን ዕቃ መጫን ነው፤ ሌላው በኪራይ የሰው ዕቃ መጫን። የዓረቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ ልክ እንደዚያው ይለያያል። ለራስ ዕቃ ተብሎ የተገባ ውል ይዞ፣ «እግረ መንገዴን» ብሎ የጎረቤትን ጤፍ በክፍያ ከቢቸና የጫነ ሰው አገልግሎቱን ቀይሯል። የቤተሰብ ጉዞና ተሳቢ መጎተትም ውሉ ላይ በግልጽ ካልተፈቀዱ ለክርክር በር ይከፍታሉ።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። መኪናው በሥራ ቀን ምን እንደሚሠራ፣ በዕረፍት ቀን ምን እንደሚጎትት በግልጽ አስቀምጡ። መልሱን በማሻሻያ ጽሑፍ፣ ማለትም በኢንዶርስመንት፣ ማኅተም ተደርጎበት ተቀበሉ። ወኪሉ በስልክ «ችግር የለውም» ቢላችሁ አይበቃም። ወኪሉ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ካሳ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ቤተሰብ ከጭነቱ ላይ ወይም ተሳቢው ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ በማንኛውም ደብዳቤ አይስተካከልም። ሰው ጋቢና ውስጥ፣ በወንበሩ ልክ ብቻ።

«ከመጠን በላይ ተጭኗል፤ ፍሬንም አልነበረውም»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም አለበትና። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ወንዙ ላይ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ እዚያ ላይ መኪናውን ከኋላ ይገፋል። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ሲቆይ ሸራው ይግላል፤ ሽታው ይመጣል፤ ከዚያ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል። ኩባንያው የሚልከው የጉዳት ገምጋሚ ይህን ሁሉ ከጎማውና ከፍሬኑ ያነበዋል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክብደት ነው። በብዙ ፒክአፖች መመሪያ ላይ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ወሰኑ 750 ኪሎ ነው፤ ያውም ተሳቢው ራሱ ከነጭነቱ። የናንተን መመሪያ አይታችሁ፣ እህል በሚመዘንበት ሚዛን አስመዝኑት። ሲጫን ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ፣ ማለትም የተሳቢው ጎማዎች ከተያያዙበት ዘንግ፣ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ 600 ኪሎ ከሆነ 60 ኪሎ ማለት ነው። ኋላው ከከበደ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞት ይዞራል። ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ጀምሩ፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ ማርሽ መቀየር ዘግይቷል። የመኪናውም የተሳቢውም ቦሎ ያላለፈበት ይሁን። ቦሎው ያልታደሰ ተሳቢ ለኩባንያው ጥሩ ሰበብ ነው።

«ሾፌሩ ማነው?»

የሥራ ሾፌሩ በዓል ላይ አገሩ ይገባና ወንድም ወይም አማች ይነዳል። መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው ቢበቃም ተሳቢ ለመጎተት ላይበቃ ይችላል። የፈቃዱን ደረጃ አስቀድማችሁ አጣሩ። ውሉ የሾፌር ስም ወይም ልምድ የሚገድብ ከሆነም አዲሱን ሾፌር አስመዝግቡ።

የተከፈለው ካሳ ግማሽ ሲሆን

ሁሉም ተሟልቶም የሚያስደነግጥ ቼክ ሊመጣ ይችላል። የመኪና ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ከዓመታት በፊት የተጻፈው ሆኖ ይቀራል። ገበያ ላይ 4,000,000 ብር የሚያወጣ ፒክአፕ በ2,000,000 ከተመዘገበ፣ ኩባንያው ግማሹን አደጋ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ያሰላል። የጥገናው ወጪ 400,000 ቢሆን የሚደርሳችሁ 200,000 ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት በናንተ የሚሸፈነው ድርሻ ይቀነሳል። በየዓመቱ ስታድሱ የመኪናውንም የተሳቢውንም የወቅቱን ዋጋ አስተካክሉ። ዓረቦኑ ይጨምራል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምከፍለው ለዚህ ነው።

ጥይት፣ ድንጋይ፣ ቃጠሎ

በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ የሚነዳ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይውጣ። ተራው ሙሉ ኢንሹራንስ በጦርነትና በሁከት የሚደርስ ጉዳትን ብዙውን ጊዜ አያካትትም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነው። ለመኪናውም ለተሳቢውም መኖሩን፣ የምትሄዱበትን መንገድም ማካተቱን በጽሑፍ አረጋግጡ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ መንጠቆው፣ ሁለቱም ሰሌዳዎችና የጎማው ዱካ ሳይነኩ ፎቶ አንሱ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የተሳቢው ሰሌዳ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ለኩባንያው በዚያው ቀን ደውሉ፤ ማመልከቻውንም በጽሑፍ አስከትሉ። ገምጋሚው ሳያየው ጋራዥ ውስጥ አንድ ቡሎን እንዳይፈታ።