የተሸላሚ ሳይንቲስትን የሥራ ታሪክ በአማርኛ እንዴት እንጽፋለን? በፍሬድሪክ ሳንገር ምሳሌነት የቀረበ መመሪያ

በአማርኛ የሚቀርቡ የሳይንቲስቶች ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ቦታን፣ የትምህርት ደረጃንና የሽልማቶችን ስም በተርታ ደርድረው ያበቃሉ። አንባቢው ተመራማሪው መሸለማቸውን ያውቃል፤ ምን ሠርተው እንደ ተሸለሙ ግን ሳይረዳ ይቀራል። በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ይበልጥ የሚጎዱት የሞለኪዩላር ባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ናቸው። ድልድይ ለሠራ መሐንዲስ ድልድዩ ይመሰክርለታል፤ በዓይን የማይታይ ሞለኪዩል ሲመረምር ለኖረ ሰው ግን የሚመሰክርለት ጸሐፊው ነው። ይህ መመሪያ ለመምህራን፣ ለጋዜጠኞችና ስለ ሳይንስ በአማርኛ መጻፍ ለሚፈልጉ ሁሉ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በምሳሌነት የተወሰዱት በ1958 እና በ1980 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ሁለት ጊዜ የተቀበሉት እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ናቸው።

የመጀመሪያው ተግባር ከሽልማቱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ተመራማሪው መልስ ይፈልጉለት የነበረውን ጥያቄ ማግኘት ነው። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ካልቻሉ ለመጻፍ ገና አልደረሱምና ንባብዎን ይቀጥሉ። የሳንገር የመጀመሪያ ጥያቄ እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ቁርጥ ያለ ቅደም ተከተል አላቸው ወይስ የላቸውም? ዛሬ ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይመልሰዋል፤ በ1940ዎቹ ግን ነገሩን የሚጠራጠሩ ኬሚስቶች ነበሩ። ጥያቄው በዘመኑ ምን ያህል አከራካሪ እንደ ነበረ ያልተነገረው አንባቢ የመልሱን ክብደት ሊመዝን አይችልም።

ቀጥሎ ዘዴውን ይግለጹ። ሰፊ ቦታ የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች አንባቢ ይሰለቻል ብለው የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ሳንገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለምርምራቸው የመረጡት ኢንሱሊንን ነበር፤ በጊዜው በንጹሕ መልክ ከሚገኙት ጥቂት ፕሮቲኖች አንዱ ነበርና። በአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ጫፍ ላይ የሚጣበቅና ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል ጨመሩበት፤ ከዚያም ሰንሰለቱን በአሲድ ሰባብረው ቢጫውን ቁራጭ ለይተው በማውጣት፣ ጫፉ ላይ የነበረው አሚኖ አሲድ የትኛው እንደ ሆነ ዐወቁ። ሰንሰለቱን በተለያየ ቦታ እየቆረጡ የየቁራጩን ቅደም ተከተል ከለዩ በኋላም፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር የሚደራረብበትን ቦታ እያመሳከሩ ሙሉውን ገጣጠሙ። አሥር ዓመት ገደማ የፈጀው ይህ ሥራ፣ ኢንሱሊን አንዱ 21 ሌላው 30 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሁለት ሰንሰለቶች እንዳሉትና የእነዚህ 51 አሚኖ አሲዶች አሰላለፍ ቁርጥ ያለ መሆኑን አሳየ። በ1958 የተሸለሙት በተለይ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው የዲኤንኤን ቅደም ተከተል የማንበብ ዘዴ ነው። ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በሚባሉ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተዋቀረ ሲሆን፣ ሳንገርና ባልደረቦቻቸው በ1977 ባሳተሙት ዘዴ ዲኤንኤን የሚቀዳው ኢንዛይም ከተለመዱት ፊደላት ጋር ጥቂት የተለወጠ ፊደል ይሰጠዋል፤ ይህ ፊደል ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሊቀጠል አይችልም። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቱቦ ተይዞ ሥራው በአራት ቱቦዎች ሲከናወን፣ በየቱቦው ርዝመታቸው የተለያየ ቁራጮች ይገኛሉ። ቁራጮቹ በአራት ረድፍ ጎን ለጎን በስስ ጄል ላይ ተደርገው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው አጫጭሮቹ ቀድመው ወደ ታች ይወርዳሉ። ራዲዮአክቲቭ ምልክት ስላላቸውም በኤክስሬይ ፊልም ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሆነው ይታያሉ፤ ተመራማሪውም መስመሩ በየትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ እያየ ከታች ወደ ላይ ፊደል በፊደል ያነባል። እንዲህ ያለ መግለጫ የኬሚስትሪ ትምህርት ለሌለው ሰው ይገባዋል፤ የዘዴውን ውበትም ያሳየዋል። በ2003 የተጠናቀቀው የሰው ልጅ ጂኖም (ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) ፕሮጀክት በዋናነት የተጠቀመው ከዚህ የተወለደና በማሽን የታገዘ ዘዴ መሆኑን ሲጨምሩበት፣ ውጤቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የት እንደ ደረሰ አንባቢው ይገነዘባል።

ሽልማቱን በተመለከተ የሸላሚውን ተቋም አጭር መግለጫ በራስዎ ዓይን ያንብቡ፤ ሽልማቱ ለየትኛው ሥራ እንደ ተሰጠ የሚናገረው እርሱ ነው። ለሞለኪዩላር ባዮሎጂ ብቻ የተመደበ የኖቤል ዘርፍ ስለሌለ፣ በዚህ መስክ የሠሩ ሰዎች አንዳንዴ በኬሚስትሪ፣ አንዳንዴ ደግሞ በፊዚዮሎጂ ወይም ሕክምና ይሸለማሉ። የ1962ቱን ሽልማት ይመልከቱ፦ የፕሮቲኖችን ቅርጽ ያወቁት ማክስ ፔሩትዝና ጆን ኬንድሩ በኬሚስትሪ ሲሸለሙ፣ ከዲኤንኤ ቅርጽ ጋር ስማቸው የሚነሣው ፍራንሲስ ክሪክ፣ ጄምስ ዋትሰንና ሞሪስ ዊልኪንስ የተሸለሙት በሕክምናው ዘርፍ ነው። የመጀመሪያውን የሚሰጠው የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ፣ ሁለተኛውን የሚሰጠው በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያለው የኖቤል ጉባኤ ነው።

ድርሻንም ይጥቀሱ። በ1980 ከሽልማቱ ግማሹ የደረሰው ለፖል በርግ ሲሆን፣ ቀሪውን ግማሽ ሳንገርና ዋልተር ጊልበርት እኩል ተካፍለውታል፤ ጊልበርት ከሳንገር የተለየ የዲኤንኤ ማንበቢያ ዘዴ ያቀረቡ ሰው ናቸው። አንድ የኖቤል ሽልማት ከሦስት ሰው በላይ አይካፈለውም። በዚህም የተነሣ ከሽልማቱ ውጭ የቀሩትን የሥራ አጋሮች ስም ፈልጎ ማውጣት የጸሐፊው ኃላፊነት ይሆናል። በኢንሱሊኑ ሥራ ሃንስ ቱፒ፣ በዲኤንኤው ሥራ አለን ኩልሰን ከሳንገር ጋር በጋራ ያሳተሙ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጥናታዊ ጽሑፎቹን የከፈተ ሰው ስማቸውን እዚያው ያገኛል። የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። በቤተ ሙከራቸው የተነሣው የኤክስሬይ ምስል ለዲኤንኤ ቅርጽ መታወቅ ቁልፍ ማስረጃ የነበረ ቢሆንም፣ ሽልማቱ ከመሰጠቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1958፣ ገና በ37 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለ ዲኤንኤ ጽፎ ስማቸውን መዝለል ስሕተት ነው፤ «ሽልማታቸውን ተነጠቁ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ ከእውነቱ ይርቃል።

በግኝቱና በሽልማቱ መካከል ያለፉትን ዓመታት ሳይቆጥሩ አይለፉ። ሀንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ በ1985 ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኤምአርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያን ከዲኤንኤ ቀድቶ በሚያደርሰው ሞለኪዩል) ላይ ሲሠሩ ለምርምራቸው ገንዘብ የሚሰጥ አጥተው፣ በ1995 ከነበሩበት የሥራ ደረጃ ዝቅ እንዲሉ ተደርገው ነበር። ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆነው፣ ከኤምአርኤንኤ ፊደላት አንዱን በጥቂቱ በመለወጥ ሰውነት እንደ ጠላት እንዳይቆጣበት ማድረግ እንደሚቻል ያሳዩበት ጽሑፍ የወጣው በ2005 ሲሆን፣ የተሸለሙት በ2023 ነው። በእስራኤል የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት አዳ ዮናትም በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚገጣጥመውን የራይቦዞምን ክሪስታል ለመሥራት የተነሡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን የተሸለሙት በ2009 ነበር። እንዲህ ያለውን ጊዜ ያላካተተ ታሪክ፣ ሳይንስ በአንድ ሌሊት የሚሠራ ነው የሚል የተሳሳተ እምነት በወጣት አንባቢዎች ዘንድ ይተክላል።

በእኛ ዘንድ በጣም የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የሽልማት ስም ላይ ነው። «ለኖቤል ሽልማት ዕጩ ሆነዋል» የሚል ዜና ሲያጋጥምዎ ሳያጣሩ አይቀበሉት፤ የኖቤል ሸላሚዎች የዕጩዎችን ስም ለ50 ዓመት በምስጢር ይይዛሉና። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወራጅ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለመቆጣጠር የሚያስችል ምርምር አስጀመረ፤ ቀንድ አውጣውን ከሚገድሉት የእንዶድ ውሕዶች አንዱም «ለማቶክሲን» ተብሎ በስማቸው ተጠርቷል። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ነው። ይህ ሽልማት «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ ስለሚጠራ አንዳንድ ጽሑፎች ከኖቤል ጋር ያምታቱታል። የእኚህ ሰው ሥራ የሌላ ሽልማት ስም ሳይዋስ የሚከበር ነውና በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ።

የዓመታትን አቆጣጠርም ከመጀመሪያው ይወስኑ። እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያው የሚመልስ ጸሐፊ በጅምላ ስምንት ቢቀንስ ይሳሳታል፤ ሳንገር የተወለዱበት ነሐሴ 1918 በእኛ 1910 ሲሆን፣ የኖቤል ሽልማት ግን የሚሰጠው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ በዲሴምበር 10 ስለ ሆነ የ1958ቱ ሽልማት በእኛ በ1951 ላይ ይውላል።

የሽልማቶቹ ዝርዝር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ አጭርም ይሁን። ለሳንገር ከሁለቱ ኖቤሎች ሌላ የ1977ቱን የኮፕሊ ሜዳሊያና የ1979ኙን የላስከር ሽልማት መጥቀስ፣ እንዲሁም «ሰር» የሚያሰኘውን የእንግሊዝ ማዕረግ አልቀበልም ማለታቸውን መጨመር ይበቃል። ከዝርዝሩ ይልቅ ቦታ ሊሰጣቸው የሚገባው ተማሪዎቻቸው ናቸው። በሳንገር ሥር ለዶክትሬት ዲግሪ ያጠኑት ሮድኒ ፖርተር የፀረ እንግዳ አካላትን ኬሚካላዊ አወቃቀር አውቀው በ1972 ተሸለሙ። ኤልሳቤጥ ብላክበርንም ዲኤንኤ ማንበብን በሳንገር ቤተ ሙከራ ተምረው ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ፣ ያንኑ ሙያ ተጠቅመው በክሮሞሶም ጫፍ ላይ እየተደጋገመ የሚገኘውን ቅደም ተከተል ለዩ፤ ከዚህ የተነሣው ምርምር ለ2009ኙ የኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል።