ግቢያችሁ ውስጥ መንታ ግንድ ያለው ዛፍ ካለ እነዚህን አታድርጉ

ግራቪሊያም በሉት ጃካራንዳ፣ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ጥላው ደስ ይላል። ክረምት ሲገባና ነፋሱ ሲበረታ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ነው።

መጀመሪያ የምንሳሳተው ቁመቱን አይተን መፍራታችን ነው። መታየት ያለበት ሁለቱ ግንዶች የሚለያዩበት ቦታ ነው። እንደ ወንጭፍ ባላ ሰፋ ብሎ ክብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ጠባብ ከሆነ ግን ግንዶቹ እየወፈሩ ሲገፋፉ ቅርፊታቸው መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ከውጭ የተጣበቁ ይመስላሉ እንጂ ውስጥ እንጨቱ ከእንጨት አልተያያዘም። ዝናብ ቅጠሉን ሲያከብደው የሚሰነጠቀው እዚያው ጋ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከመጋጠሚያው ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ፣ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ወይም የበቀለ እንጉዳይ ካለ ክረምቱን አትጠብቁ።

ሁለተኛው ሽቦ ነው። ግንዱን ዙሪያውን በሽቦ ጠፍሮ ማሰር መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፣ ሽቦው ደግሞ አይሰፋም። ቅርፊቱን በልቶ ይገባና ዛፉን ያንቀዋል። በሚገባ ሲሠራ ሁለቱን ግንዶች የሚያያይዝ የብረት ገመድ ከመጋጠሚያው እስከ ጫፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ከፍታ አካባቢ፣ ግንዱን በሚያልፍ ብሎን ይታሰራል፤ በየጊዜውም ይታያል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።

ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈንስ? ተዉት። እርጥበት ይይዛል፣ አያጠነክርም።

አናቱን ጨፍጭፎ ማሳጠር ግን ከሁሉም የባሰ ነው፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎበት መሠራቱ። የተቆረጠው ጫፍ ይበሰብሳል፣ ዙሪያውን የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች ደግሞ በደንብ ሳይያዙ ቶሎ ይረዝማሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ መንታ ፈንታ ብዙ ደካማ መጋጠሚያ ይኖራችኋል።

ችግኝ እያለ ችላ ማለትም አለ። ገና አውራ ጣት ሲያክል ደካማውን ግንድ በመቀስ ብትቆርጡት ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ከወፈረ በኋላ ግን ደካማውን በአንዴ ከመገንደስ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያሳጠሩ መሪነቱን ለሌላው መልቀቅ ይሻላል።

አስቀድሞ ከተሰነጠቀስ? መሰላል አስደግፎ መጋዝ ይዞ መውጣት አይታሰብም፤ ከባድ ግንድ ሲለቅ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። ልጆችንም መኪናውንም ከሥሩ አርቁ፣ በገመድ እየያዘ ቆራርጦ የሚያወርድ ሰው ፈልጉ። ዛፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነ መብራት ኃይል መስመሩን ሳያጠፋ ማንም እንዳይወጣ።