ኮሪያ ዘምቶ የቀረ ዘመድ ታሪክ እንዴት ይፈለጋል

ከቤተሰባችሁ "ኮሪያ ዘምቶ ቀረ" የሚባል ሰው ካለ ጎግል ላይ ከመሮጣችሁ በፊት ቤት ያሉትን አዛውንቶች ጠይቁ፣ ኢንተርኔቱ የትም አይሄድም እነሱ ግን... ስትጠይቁ ደሞ "በስንት ዓመተ ምህረት ሄደ?" ብላችሁ አትጀምሩ ማንም አያስታውሰውም። ሲሄድ ማን ተወልዶ ነበር፣ መርዶው ለየትኛው በዓል ሰሞን መጣ፣ ተዝካሩ የት ወጣ በሉ፣ ዓመቱ ከዛ ይወጣል።

ዓመቱን የምፈልገው ኮሪያ የዘመተው የኛ ጦር፣ ቃኘው፣ አንድ ሻለቃ ብቻ ስላልነበረ ነው። የመጀመሪያው በ1943 ደቡብ ኮሪያ ፑሳን ወደብ ደረሰ፣ ከዛ በየዓመቱ ገደማ እየተተካ ሦስተኛው ላይ እያለ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ ቆመ፣ ስለዚህ ውጊያ ላይ የወደቀ ሰው ከነዚህ ሦስቱ ባንዱ ነው የነበረው። ፈረንጅ ሰነድ ላይ 1951 ካያችሁ ከመስከረም በፊት ከሆነ የኛ 1943፣ በኋላ ከሆነ 1944 ነው፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሳጥን ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ሪባን ያለው ሜዳሊያ ካገኛችሁ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፣ ለኛ ወታደሮች ጽሁፉ በአማርኛ ተሠርቷል። ደስ ይላል ግን ለዘማች ሁሉ የተሰጠ ስለሆነ ኮሪያ መሄዱን እንጂ ሌላ ብዙ አይነግራችሁም፣ ከሱ ይልቅ የዘማቹ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጣችሁ የተጻፈ ነገር ካለ እዩ።

በውጊያ የሞቱት ብዙ ጊዜ 121 ይባላሉ። ስማቸው ፑሳን የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ያለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ በየአገሩ ተጽፏል፣ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ስለዚህ ጸጋዬን በቲ-ኤስ ብቻ ፈልጋችሁ ተስፋ አትቁረጡ በቲ-ዜድም በኤስ ብቻም ሞክሩ፣ ገብረሥላሴም ለሁለት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ደሞ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄዳችሁ እዩ፣ አስከሬናቸው የገባው እዛ ነው። የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርንም ጠይቁ፣ ቢቻል በአካል።

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው እድለኛ ነው፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርቡ ነው። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ስር ነበር የተዋጋው፣ የጦርነቱ ወረቀትም የተቀመጠው በጦር ክፍል ስለሆነ የአያታችሁን ስም ሳይሆን ሬጅመንቱንና ወሩን ይዛችሁ ጠይቁ። ስሙ ባይኖር እንኳ ያን ሰሞን የትኛው ኮረብታ ላይ እንደነበሩ ታገኛላችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።