ከኦሞ ስትመለሱ አንድ ቀን አትርፉ

በቡድን ሆናችሁ ወደ ኦሞ ሸለቆ የምትሄዱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያው ኦሞ ካለችው ከቱርሚ ከተማ ተነስታችሁ በዚያው ቀን ከአርባ ምንጭ ለመብረር አታስቡ። እዚያ አካባቢ ያሉት ወንዞች አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። ግን ራቅ ብሎ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ያኔ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሹፌሩን "እለፍ እንጂ!" እያላችሁ እንዳትጎተጉቱት፤ የሰው ሕይወት ነው።

መመለሻችሁ ሐሙስ ላይ ቢውል ደግሞ ደስ ይላል፤ በመንገዳችሁ ላይ ባለችው በቀይ አፈር ከተማ የገበያ ቀን ነው። የአካባቢው ሕዝብ፣ ሐመሩም፣ በናውም፣ ፀማዩም እዚያ ይገናኛል። ከዚያ ኮንሶ እደሩ። በማግስቱ ጠዋት በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የድንጋይ እርከኖች አይታችሁ፣ አመሻሹ ላይ ከብት መንገዱን ሳይሞላው አርባ ምንጭ ግቡ።