ከመኪና ስርቻ የሰም ቅሪት ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን በመሀል አዲስ አበባ ላቫጆዎች ደጃፍ ለሰርግ የሚሰናዱ መኪናዎች ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋሉ። ኮፈኑ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል፤ ነገር ግን ከአርማው ፊደላት ሥር፣ ከበር እጀታው ውስጥ፣ ከታርጋው ጠርዝና ከመብራቱ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮ ከቀረ፣ በተለይ በጥቁር መኪና ላይ፣ የዋለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይመስላል። ይህ ነጭ ነገር የደረቀ ሰም ወይም የፖሊሽ ቅሪት ነው። ቅሪቱ መልክ ከማበላሸትና አቧራ ከመያዝ በቀር ቀለሙን ቶሎ አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እርሱን ለማውጣት ከምናነሣው ዕቃና ከምናፈሰው ፈሳሽ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በብረት መፋቅ ነው። ካቻቢቴ፣ ቢላዋ፣ መርፌ፣ ቁልፍ፣ በእጅ የተገኘ ሹል ነገር ሁሉ ለዚህ ሥራ ሲውል አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በጥቁር ሰማያዊ ኮሮላዬ ስም ላይ ካሉት ሁለት ‹‹ኦ›› ፊደላት በአንደኛው ቀለበት ውስጥ የቀረውን ሰም በመርፌ ጫፍ ዙሪያውን ስከተል፣ ሰሙ እንደ ፍርፋሪ እየተነሣ ወጣልኝና ደስ አለኝ። በማግስቱ መኪናዋን ቸርችል ጎዳና ላይ አቁሜ ፀሐይ በአግድም ስትመታት ግን በቀለበቱ ውስጥ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር ታጥፋ ተኝታ አየሁ፤ ዛሬም እዚያው አለች። የመኪና ቀለም የላይኛው ግልጽ ሽፋን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ማለትም ከአንዲት የራስ ፀጉር የቀጠነ በመሆኑ፣ በጠርዝና በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ከዚህም ሊሳሳ ስለሚችል፣ የብረት ጫፍን የሚችልበት አቅም የለውም።

መፍትሔው ቅሪቱን ከመንካት በፊት ማለስለስ ነው። እጅ በሚችለው ሞቅ ያለ ውኃ ላይ ጥቂት የመኪና ሻምፖ ጠብ ያደርጉና ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክረው ቦታው ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ያሳርፉታል፤ ከዚያም ጸጉሩ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ሳይጫኑ ይቦርሹታል። ብሩሽ ለማይደርስበት ጠባብ ስርቻ፣ ጫፉ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ስቲኪኒ ይበቃል፤ ስቲኪኒውን በመጋጠሚያው አቅጣጫ መጎተት እንጂ አግድም መቧጨር አይገባም፤ ጨርቁም በየጊዜው በንጹሕ ገጽ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ የወጣው አቧራ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

ሁለተኛው ስህተት ‹‹ሰም በቤንዚን ይለቃል›› የሚለው ምክር ነው። በእርግጥ ይለቃል፤ አብሮት ግን ሌላም ይለቃል። ብዙዎቹ አርማዎችና ፊደላት ከመኪናው አካል ጋር የተያያዙት በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር ስለሆነ፣ ከሥራቸው የገባ ቤንዚን ሙጫውን አልስልሶ ፊደሉን ያላቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የጎደለውን ፊደል ፍለጋ ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ መውረድ ይመጣል። ቲነር ከዚህ ይብሳል፤ ቀለሙንና ፕላስቲኩን ራሱን ያጠቃል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቅባቱን ትቶ ስለሚሄድ አቧራ ይሰበስባል። ሻምፖው ካልበቃ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቅሎ በጨርቅ ጫፍ ብቻ መንካትና ወዲያው ማድረቅ ይሻላል። ጄል የሆነው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም፤ ማወፈሪያው ሌላ ቅሪት ይተካል። መኪናው በቅርቡ ተቀብቶ ከሆነም ቀለሙ ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን መተው ይገባል።

የፈላ ውኃ ከማንቆርቆሪያ የሚያፈሱም አሉ። ለመኪና ሰም ጥንካሬ የሚሰጠው የብራዚሉ ካርናውባ ሰም የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውኃው ከማንቆርቆሪያው ወጥቶ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰሙን ለማቅለጥ የሚያበቃ ሙቀት እምብዛም አይተርፈውም፤ ፕላስቲክና ሙጫ ለማስጨነቅ ግን በቂው ነው።

ያልተቀባው ሻካራ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ማለትም የፓራውርቱ የታችኛው ክፍልና የስፖኪዮው እግር፣ የራሱ ጠባይ አለው። ሰሙ ከጥቃቅን ጉድጓዶቹ ውስጥ ስለሚቀመጥ በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ብዙ ሰው ነጩን ለመደበቅ ዘይት ወይም ሲሊኮን ይቀባበታል፤ ለጥቂት ቀናት ጠቁሮ ያምራል፤ ጥቂት የክረምት ዝናብ ሲያጥበው ግን ነጩ ተመልሶ ይወጣል። እዚህ ቦታ ላይ የሚያዋጣው በእርጥቡ፣ በሳሙና ውኃና በብሩሽ፣ በየአቅጣጫው ደጋግሞ ማሸትና ማለቅለቅ ብቻ ነው።

የግፊት ውኃውን አፍ ወደ አርማው አስጠግቶ መልቀቅም ሰሙን ሳይሆን አርማውን ያነሣል።

ቅሪቱ መጀመሪያውኑ ለምን ይበዛል ቢባል፣ በፀሐይ ላይ መሥራትና ሰም ማብዛት ናቸው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ብርቱ ናት፤ የጋለ ኮፈን ላይ የተቀባ ሰም ፈሳሹ ቶሎ ይተንና ሳይወለወል ይጋገራል። በጥላ ሥር፣ ቆርቆሮው ለእጅ ሲቀዘቅዝ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ መሥራት ይገባል፤ ለአንድ በር የባቄላ ፍሬ የምታህል ሰም ትበቃለች። በአርማውና በጥቁሩ ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር አስቀድሞ መለጠፍ ብዙ የስርቻ ሥራ ያስቀራል።

በመጨረሻ የሚዘነጋ ነገር አለ። አልኮል የነካው ቦታ ዙሪያውን የነበረውም መከላከያ ሰም አብሮ ስለሚነሣ፣ ስርቻው ከደረቀ በኋላ በጣት ጫፍ ስስ ሰም አስነክቶ፣ ነጭ ሆኖ ሳይጋገር ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል።