የክሪኬት ባት ስትገዙ እንጨቱን እንዴት ታያላችሁ?

ሻርጃ ወይም ዱባይ የምትሠሩ ልጆች ታውቁታላችሁ። በእረፍት ቀን የፓኪስታንና የህንድ ልጆች ባዶ ሜዳ ካገኙ ጨዋታው ክሪኬት ነው። መጀመሪያ ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ከዚያ ኳስ ታቀብላላችሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ባቱን፣ ማለትም ኳስ መምቻውን እንጨት፣ ይሰጧችኋል። እኔም የገባሁበት እንዲሁ ነው። የራሴን ባት ልገዛ ስሄድ ሻጩ "ግሬድ 1 ነው" አለኝ፣ አንደኛ ደረጃ ማለቱ ነው፣ ስቲከሩም ያብረቀርቃል፣ ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የታችኛው ጫፉ ተሰነጠቀ። ያ ገንዘብ አሁንም ይቆጨኛል፣ ለዚህም ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የእንጨቱን ዓይነት ለዩ። ባት የሚሠራው ከአኻያ ነው፤ እኛ አገር ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ዘመዱ ነው። ቀላል ነው፣ ግን ምት ይችላል። ለባት ተመራጩ እንግሊዝ ውስጥ፣ በተለይ ኤሴክስና ሰፎክ አካባቢ የሚተከለው ሲሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቆረጣል። ገበያ ላይ "እንግሊሽ ዊሎ" ይሉታል። ሁለተኛው "ካሽሚር ዊሎ" ነው። ይሄኛው ቡናማ ይላል፣ ጠንከርና ከበድ ያለ ነው፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል።

የምትጫወቱት በኤሌክትሪክ ናስትሮ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ከሆነ ካሽሚር ግዙና ተገላገሉ። ለዚያ ኳስ ውድ እንጨት አያስፈልግም። በቆዳ ኳስ ክለብ ገብታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን አቅማችሁ በፈቀደው መጠን ወደ እንግሊዙ ሂዱ። አንዳንዱ ሻጭ ርካሹን እንጨት አንጥቶ፣ ላስቲክ ለጥፎበት እንደ ውዱ ያቀርበዋል። ስለዚህ ላስቲክ ያልነካውን ቦታ ፈልጉ፤ ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ የታችኛውን ጫፍ። እውነተኛው መልክ እዚያ ይታያል።

አሁን መስመሮቹን ቁጠሩ። ባቱን ፊት ለፊት ብታዩት ከእጀታው እስከ ጫፉ ቁልቁል የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። አንዱ መስመር የዛፉ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ግሬድ 1 በሚባለው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ይሆናሉ፤ ቀጥ ያሉ፣ ርቀታቸውም የተመጣጠነ። ብዙ ሰው መስመር በበዛ ቁጥር ባቱ ይሻላል ብሎ ያምናል፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መስመሩ የበዛ ባት ቶሎ ለምት ይደርሳል፣ ቶሎም ያረጃል። መስመሩ ያነሰው ለመላመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይከርማል። እንደኛ ጠብ አድርጎ ቆጥቦ አንድ ባት ለሚገዛ ሰው 6 ወይም 7 ቀጥ ያሉ መስመሮች ከበቂ በላይ ናቸው።

ግሬድ የሚባለውን ነገር ደግሞ በልኩ ያዙት። ሁሉም የተስማማበት አንድ መለኪያ የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ይሰጣል፣ የሚሰጠውም ባመዛኙ በመልክ ነው። ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ካያችሁ አትደንግጡ፣ የዛፉ ውስጠኛ ክፍል ነው። ትናንሽ ጠቃጠቆ ነጠብጣብም ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ምቱን አያበላሽም። የምትተዉት ስንጥቅ ያለውን፣ መምቻው መሃል ላይ ቅርንጫፍ የወጣበት ጠባሳ ያለውን፣ መስመሮቹ ሰያፍ ሄደው በጠርዙ የሚወጡትን ነው።

ከዚያ በጆሮ ነው። አንድ የፓኪስታን፣ የሲያልኮት ከተማ ሰው አብሮን ይሠራል፣ ሁላችንም "ቻቻ" እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ሁለተኛውን ባቴን ልገዛ ስሄድ ይዤው ሄድኩ። ሰባት ባት አስደረደረ። እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ላላ አድርጎ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአሮጌ ኳስ ከጫፉ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ላይ ቀስ ብሎ ይነካዋል። አንዳንዱ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ኳሱም ሞቶ ይቀራል። አንዱ ግን ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ኳሱ እጁ ላይ ዘለለ። ዓይኑን ሲገልጥ ጠርዙ ሰፊ ቡናማ ያለው፣ ከሰባቱ ርካሹ ሆኖ ተገኘ። ይኸው እስካሁን የምጫወትበት እሱ ነው።

ክብደቱን በኪሎ ብቻ አትፍረዱ። የአዋቂ ባት ባብዛኛው ከ1.1 እስከ 1.25 ኪሎ ነው፣ ግን ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ነው ልዩነቱ። ለገና ጨዋታ ዱላ የመረጠ ሰው ያውቀዋል፤ እያነሳ ያወዛውዘዋል። እናንተም እጀታውን ከላይ በኩል በሚይዘው እጃችሁ ብቻ አንስታችሁ ትንሽ ያዙት፤ አንጓችሁ ከተንቀጠቀጠ ይከብዳችኋል። በጣም ወፍሮ በጣም የሚቀል ከሆነም ጠርጥሩ፣ እንጨቱ ከመጠን በላይ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው ቶሎ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የክሪኬት ሕጉ ራሱ የጠርዙን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር ገድቦታል።

ገዝታችሁ ስትመጡ ወዲያው ሜዳ አትውጡ። ፊቱ በላስቲክ ካልተሸፈነ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈላ የተልባ ዘይት በጨርቅ ፊቱን፣ ጠርዙንና ጫፉን ቀቡ። እጀታው የተጋጠመበትን ቦታ ዘይት አታስነኩት፣ ሙጫውን ያላቅቃል። አጋድማችሁ አሳድሩት። ከዚያ በእንጨት መዶሻ፣ መጀመሪያ በቀስታ እየቆየ ጠንከር እያላችሁ፣ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ያህል በተለያየ ቀን ቀጥቅጡት። ጠርዙን አግድም አትምቱት፣ ሰያፍ አድርጋችሁ አለዝቡት እንጂ። ጫፉን ከታች ወደ ላይ ጭራሽ አትንኩት። ሲያልቅ በአሮጌ ኳስ ለስለስ ያለ ልምምድ ጀምሩ። በተረፈ ጫፉን እርጥብ ሣር ላይ አታቁሙት፣ በባሕረ ሰላጤው በጋ ደግሞ ለአንድ ከሰዓትም ቢሆን መኪና ውስጥ ጥላችሁት አትሂዱ።